ሁሉም 42 ቁጥር የሚለብሱበት ቀን፦ የቤዝቦል የቀለም አጥር እንዴት ፈረሰ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የዶርም ጓደኞቼ ቤዝቦል ሊያሳዩኝ ስታዲየም ወሰዱኝ። ጨዋታው አልገባኝም። ከገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላው ብቻ ነው። ቢያንስ ተጫዋቾቹን በማልያ ቁጥራቸው ልለይ ብዬ ሳይ ሁሉም 42 ለብሰዋል። የዚህኛውም ቡድን 42፣ የዚያኛውም 42፣ አሰልጣኞቹም 42። "ማልያ የሚያትመው ሰውዬ ተሳስቶ ነው?" ብዬ ስጠይቅ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነበር።

ያን ቀን የነገሩኝ አጭር ታሪክ ይህ ነው፦ በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች ወደ ነጮቹ ሊግ ገባ፣ ሰደቡት፣ ታገሠ፣ አሸነፈ፣ ቁጥሩም 42 ነበር። እውነት ነው፤ ግን ከታሪኩ ግማሹ እንኳ አይደለም። ባለፈው የጥቁሮች ታሪክ ወር ዝግጅታችን ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን "ይሄ የእነሱ ታሪክ ነው፤ የእኛ ዓድዋ ነው" ሲል ብዙዎቻችን ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ዕለት መመለስ የነበረብኝን መልስ ፍለጋ ነው።

ያልተጻፈው ሕግ

ብዙ ሰው ሮቢንሰንን በታላቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አድርጎ ያስባል። አይደለም። በ1884 ሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር የሚባል በኦበርሊን ኮሌጅ የተማረ ወጣት ለቶሊዶ ቡድን ተሰልፏል። ቶሊዶ በዚያ ዓመት ከታላላቆቹ ሊጎች በአንዱ ይጫወት ነበር። ዎከር ቦታው ካቸር ነበር፤ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀልበው ሰው። በዚያ ዓመት የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት፣ በአጋጣሚ፣ 42 ነው። ወንድሙ ዌልዲም በዚያው ቡድን ጥቂት ጨዋታ ተጫውቷል።

እንግዲህ አጥሩ ከጥንት የነበረ ሳይሆን ኋላ የታጠረ ነው። ማን አጠረው? በዘመኑ ከታወቁት ኮከቦች አንዱ፣ የቺካጎው ካፕ አንሰን፣ በ1883 ቡድኑን ይዞ ቶሊዶ ሲመጣ "ዎከር ከተሰለፈ አንጫወትም" አለ። የቶሊዶው አሰልጣኝ ዎከርን አሰለፈው፤ አንሰንም ባይጫወት ከትኬቱ ገቢ ድርሻውን እንደሚያጣ ሲያውቅ ቁጣውን ውጦ ሜዳ ገባ። የሚገርመው፣ ገንዘብ ሲመጣ መርሁ ጠፋ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም። በጁላይ 1887 አንሰን ኒውአርክ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያነሳ ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ሳይሰለፉ ቀሩ። በዚያው ዕለት የኢንተርናሽናል ሊግ ባለቤቶች ተሰብስበው ከእንግዲህ ጥቁር ተጫዋች ላለማስፈረም ድምፅ ሰጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ በታላላቆቹ ሊጎች ደንብ ላይ "ጥቁር አይጫወትም" የሚል አንቀጽ አልተጻፈም። "የጨዋዎች ስምምነት" ብለው ጠሩት። ያልተጻፈ ሕግ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ክስ አይመሠረትበትም፣ አይሻርም፣ ተጠያቂም የለውም። ከ1920 ጀምሮ የቤዝቦል የበላይ ኮሚሽነር የነበሩት ዳኛ ኬነሶ ማውንቴን ላንዲስ ጥቁሮችን የሚከለክል ደንብ የለም ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ደንብ አልነበረም። በሥልጣን በቆዩባቸው ከ20 በላይ ዓመታት ግን አንድም ጥቁር ተጫዋች አልገባም።

እኛ አገር በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ ጌታው ቢመታም አይቆጣም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ጌታው ሜዳው ላይ አብሮ ለመቆምም አልፈቀደም።

ከአጥሩ ማዶ የተሠራ ዓለም

የተከለከሉት ሰዎች ቁጭ ብለው በሩ እስኪከፈት አልጠበቁም። በፌብሩዋሪ 1920 ሩብ ፎስተር የተባለ የቀድሞ ተጫዋችና የክለብ ባለቤት የጥቁር ክለቦችን ባለቤቶች ካንሳስ ሲቲ ላይ ሰብስቦ በዘመኑ አጠራር ኔግሮ ናሽናል ሊግ የተባለውን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ሊጎች ተፈጠሩ። ቡድኖቹ የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ፣ የሆምስቴድ ግሬይስ፣ የኒውአርክ ኢግልስ ይባሉ ነበር፤ ከዋክብቶቹ ደግሞ ኦስካር ቻርልስተን፣ ጆሽ ጊብሰን፣ ሳቸል ፔጅ። ቺካጎ ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን የምሥራቅና የምዕራብ ኮከቦች ጨዋታ በ1943 ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። በዙሪያውም የጥቁሮች ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ጋዜጦች ይኖሩ ነበር።

ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። ሌሊቱን በአውቶቡስ መጓዝ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ መጫወት፣ ምግብ ቤት በጓሮ በር መስተናገድ። የነጮቹን ስታዲየም በኪራይ ሲጫወቱበት እንኳ በአንዳንዶቹ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን መጠቀም አይፈቀድላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ስም ብቅ ይላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ "ኢትዮጵያን ክላውንስ" የሚባል ቡድን ነበር፤ "የኢትዮጵያ አስቂኞች" እንደ ማለት ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ጦርነቱን ከገጽ ገጽ ሲዘግቡ፣ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ስለነበር የአገራችን ስም በየቤቱ ይታወቅ ነበር። ይህ ቡድን ያን ስም ወስዶ ለትርዒት ተጠቀመበት። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ አፍሪካዊ የሚመስል የፈጠራ ስም ይዘው፣ ተመልካች እያሳቁ ይጫወቱ ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ አንድም ተጫዋች አልነበረም። የጥቁር ጋዜጦች ጸሐፊዎችና ሌሎች የክለብ ባለቤቶች ግን ተቆጡ፤ በወራሪ ፊት የቆመን አገር ስም ለማላገጫ ማድረግ ነውር ነው አሉ። ቡድኑ በ1943 ወደ ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ "ኢትዮጵያን" የሚለው ስም ተነሣለት። ኋላ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተባለ፤ በ1952 አንድ ልጅ እግር ተጫዋች አስፈረመ፤ ስሙ ሃንክ አሮን። አሮን በኋላ በሜጀር ሊጉ ከማንም በላይ ሆምራን የመታ ሰው ሆነ።

ይህን ሳነብ "የእነሱ ታሪክ ነው" ያለው ወንድማችን ትዝ አለኝ። እነሱ የእኛን ስም የራሳቸው ክብር አድርገው ተከራክረውለታል።

አጥሩ በ1940ዎቹ ለምን ተነቃነቀ?

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው "አንድ ጥሩ ነጭ አንድ ጎበዝ ጥቁር መረጠ" ተብሎ ነው። እኔ ግን ቢያንስ አራት ነገሮች አንድ ላይ እንደገጠሙ እቆጥራለሁ።

አንደኛው ጋዜጠኞቹ ናቸው። የፒትስበርግ ኩሪየሩ ዌንዴል ስሚዝና እንደ ሳም ሌሲ ያሉ ጸሐፊዎች ለዓመታት ወተወቱ። የኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ ዴይሊ ወርከርም ከ1936 ጀምሮ ዘመቻ አካሂዷል።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። ጥቁር ወታደሮች አውሮፓ ሄደው በዘር የበላይነት ከሚያምን መንግሥት ጋር እየተዋጉ አገራቸው ሲመለሱ ኳስ መጫወት መከልከላቸው ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ሆነ።

ሦስተኛው ሕግ ነው። በ1945 የኒውዮርክ ግዛት በሥራ ቅጥር ላይ የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ከግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። በኒውዮርክ ከተማ ሦስት ታላላቅ ክለቦች ነበሩ። ያልተጻፈው ሕግ አሁን ከተጻፈ ሕግ ጋር ተጋጨ።

አራተኛው ሞት ነው። ላንዲስ በ1944 መጨረሻ ሞቱ፤ የተተኩት ሃፒ ቻንድለርም መንገዱን አልዘጉም።

የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። ወጣት አሰልጣኝ ሳለ አብሮት የነበረ ጥቁር ተጫዋች ሆቴል ሲከለከል ያየው ነገር ከልቡ እንዳልጠፋ ይናገር ነበር። ነጋዴም ነበር፤ ማንም ያልነካው የችሎታ ጎተራ እንዳለ ያውቃል፣ ጥቁር ተመልካች ትኬት እንደሚገዛም ያውቃል። የትኛው ዓላማ ይበልጥ ነበር ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ባይ ነኝ።

ለምን ጃኪ ሮቢንሰን?

ሮቢንሰን በ1919 ጆርጂያ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ፓሳዲና ካሊፎርኒያ ሄዳ ብቻዋን አሳደገቻቸው። ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል። ጃኪ ራሱ ዩ ሲ ኤል ኤ ሲማር በአራት የስፖርት ዓይነቶች ዩኒቨርሲቲውን ወክሏል፤ ከአራቱ ደካማው ቤዝቦል ነበር።

ጦር ሠራዊት ገብቶ መኮንን ሆነ። በጁላይ 1944 ቴክሳስ ውስጥ በወታደሮች አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ "ወደ ኋላ ሂድ" ሲለው እምቢ አለ። ጦር ፍርድ ቤት አቀረቡት፤ ነጻ ወጣ። ይህ የሆነው ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ አልነሣም ካለችበት ቀን 11 ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ሮቢንሰን "ዝም ባይ" አልነበረም። እንዲያውም ግንፍል የሚል ሰው ነበር።

በኦገስት 1945 ሪኪ ብሩክሊን ቢሮው ጠራው። ለሰዓታት ያህል እንደ ሆቴል ጸሐፊ፣ እንደ ተቃራኒ ተጫዋች፣ እንደ ተመልካች እየሆነ ሰደበው። የፈለገው የማይመልስ ፈሪ ሳይሆን አለመመለስን የሚችል ደፋር መሆኑን ነገረው። ሮቢንሰን ተስማማ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ከነጭ ተጫዋች ማንም እንዲህ ያለ ቃል አልጠየቀም። ሥራ ለመግባት ከችሎታው በላይ ክብሩን ለተወሰነ ጊዜ ማስያዝ ነበረበት። የጓደኞቹን ቀልድ ሰምቶ "ምንም አይደለም" ብሎ ያለፈ፣ ስሙን አጣመው ሲጠሩት ዝም ያለ ተማሪ ይህን በትንሹ ያውቀዋል።

በ1946 ለዶጀርስ ሁለተኛ ደረጃ ቡድን፣ ለሞንትሪያል ሮያልስ ተጫወተ፤ የሊጉ ምርጥ መቺ ሆኖ ጨረሰ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1939፣ ብሩክሊን በሚገኘው ኤቤትስ ፊልድ ለዶጀርስ ተሰለፈ። ኳስ መትቶ ቤዝ አልያዘም፤ ቡድኑ 5 ለ 3 ያሸነፈበትን ወሳኝ ነጥብ ግን ሮጦ ያስገባው እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት

ገና በልምምድ ላይ አንዳንድ የራሱ ቡድን ተጫዋቾች ከእሱ ጋር አንጫወትም የሚል ፊርማ ሊያሰባስቡ ሞክረው ነበር፤ አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮሸር በሌሊት ቀስቅሶ ሰብስቦ ዝም አሰኛቸው። በኤፕሪል መጨረሻ የፊላደልፊያ ቡድን ሲመጣ አሰልጣኙ ቤን ቻፕማን ከተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ሆኖ ተጫዋቾቹን አስተባብሮ ያወረደበት ስድብ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ውጤቱ ግን ቻፕማን ያሰበው አልሆነም፤ ቀድሞ ያመነቱ የቡድን ጓደኞቹ ለሮቢንሰን መቆርቆር ጀመሩ። የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር፤ ሆቴል ይከለከል ነበር፤ በዚያ ዓመት በተወረወረ ኳስ ዘጠኝ ጊዜ ተመትቷል።

የቡድኑ አምበል ፒ ዊ ሪስ ተመልካች እየሰደበው ሳለ ሄዶ ትከሻውን አቀፈው የሚባለው ታሪክ በሐውልት ጭምር ተቀርጿል። መቼና የት እንደሆነ ግን የታሪክ ሰዎች አይስማሙም። ሁለቱ እውነተኛ ወዳጆች እንደነበሩ አከራካሪ አይደለም።

ውጤቱ ግን ምስክር ነው። 151 ጨዋታ ተጫወተ፣ 29 ቤዝ ሰርቆ ከሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ("ቤዝ መስረቅ" ወርዋሪው ሳያስብ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መያዝ ነው፣ ወንጀል አይደለም)። ዶጀርስ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፣ ሜዳው ላይ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠ፣ ሮቢንሰንም የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ1949 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ የዝምታው ጊዜም ስላበቃ ለሚሰድበው መልስ መስጠት ጀመረ። ያኔ ያወደሱት አንዳንድ ጋዜጦች "ትዕቢተኛ ሆነ" አሉት። ሰው የሚወደው ትዕግሥቱን ነበር ማለት ነው።

ሒሳቡን የከፈለው ማነው?

አጥሩ በአንድ ቀን አልፈረሰም። ሮቢንሰን ከገባ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ በጁላይ 1947፣ ላሪ ዶቢ ለክሊቭላንድ ተሰልፎ በአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ሆነ። ያው ስድብ፣ ያው ሆቴል፤ ሁለተኛ ስለነበረ ግን ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ቦስተን ሬድ ሶክስ የመጨረሻው ነበር፤ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ በኤፕሪል 1945 ሮቢንሰንን ለሙከራ ጠርቶ አይቶት ሳያስፈርመው የሸኘው ያው ክለብ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ኪሳራ ግን በጥቁር ሊጎች ላይ ወደቀ። ሪኪ ሮቢንሰንን ሲወስድ ለሞናርክስ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። የኒውአርክ ኢግልስ ባለቤት ኤፋ ማንሊ ዶን ኒውካም በዚያው መንገድ በነጻ ሲወሰድባት ዝም አላለችም፤ ውላችን ይከበር አለች። ክሊቭላንድ ዶቢን ሲወስድ 15 ሺህ ዶላር ከፈለ፤ ለተመሳሳይ ነጭ ተጫዋች ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነበር። ተመልካቹ ጃኪን ለማየት ወደ ብሩክሊን ጎረፈ፤ የኒውአርክ ስታዲየም ባዶ ሆነ። ማንሊ ክለቡን ሸጠች፣ ኔግሮ ናሽናል ሊግም ከ1948 በኋላ ፈረሰ።

ተጫዋቾች ወደ ሜጀር ሊግ ገቡ፤ አሰልጣኞቹ፣ ዳኞቹ፣ የክለብ ባለቤቶቹ ግን አልገቡም። ዕድሜያቸው የሄደባቸው ተጫዋቾችም ቀሩ። ምናልባት ከሁሉም የበለጠ መቺ የነበረው ጆሽ ጊብሰን ሮቢንሰን ከመሰለፉ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በ35 ዓመቱ ሞተ። ሳቸል ፔጅ ዕድል ያገኘው በ1948 ነው፤ ዕድሜው 42 ነበር።

ሮቢንሰን ራሱ ይህን አልረሳም። በኦክቶበር 1972፣ የገባበት 25ኛ ዓመት ሲከበርለት፣ አመሰገነና ግን አንድ ቀን ጥቁር አሰልጣኝ ቡድን ሲመራ ባይ ይበልጥ እኮራለሁ አለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በ53 ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1975 ክሊቭላንድን መራ።

በ1997 የ42 ቁጥር ማልያ በሁሉም ክለቦች በክብር ተሰቀለ፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሁሉም ይለብሱታል። በ2020 መጨረሻ ሜጀር ሊግ የ1920–1948 የጥቁር ሊጎችን እኩል ታላቅ ሊግ አድርጎ ተቀበለ፤ በ2024 ውጤታቸው ከመዝገቡ ጋር ሲደባለቅ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የምንጊዜም ምርጥ መቺ ሆነ። ከሞተ 77 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ለእኛስ?

ወደ ስብሰባው ልመለስ። በ1924ቱ የአሜሪካ የስደት ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን የትውልድ አገር ኮታ የሻረው የ1965ቱ ሕግ የወጣው ከ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ በኋላ፣ በዚያው ማዕበል ላይ ነው። ወላጆቻችን በገቡበት በር ላይ የእነዚህ ሰዎች እጅ አለበት። ኮሌጃችን ውስጥ የምንቀመጥበትም ወንበር እንዲሁ።

ደግሞ ዛሬም ብዙዎቻችን "የመጀመሪያው" ነን፤ በላቦራቶሪው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፣ በድርጅቱ የመጀመሪያው ጥቁር ኢንጂነር። ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት፣ "የመጀመሪያው" ሲገባ ማጨብጨብ ብቻ አይበቃም የሚለውን ነው። ሁለተኛውን ማን ያስገባዋል? እሱ ሲገባ ከኋላው የሚፈርሰው የእኛ ቤት የትኛው ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሮቢንሰን ባለቤት ሬቸል ነርስ ነበረች፤ በኋላም በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተምራለች። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ በ1973፣ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋመች፤ እስከ ዛሬ የኮሌጅ ተማሪዎችን ወጪ ይሸፍናል። ታናናሾች ያሏችሁ ንገሯቸው፣ ያመልክቱ። ልጃቸው ዴቪድ ደግሞ ታንዛኒያ ገብቶ ቡና ገበሬ ሆነ። ከቡናችን ጋር የሚፎካከር መሆኑን ይቅር ብለነዋል።

በሚቀጥለው ኤፕሪል 15 ስታዲየም እንደገና እሄዳለሁ። አዲስ የመጣ ልጅ "ሁሉም ለምን 42 ለበሱ?" ብሎ ከጠየቀኝ አልስቅበትም። ከዎከር ጀምሬ እነግረዋለሁ።